ኤዲኤስኤል፦ የስልክ ሽቦ ሁለተኛ ሥራ

ኤዲኤስኤል ለድምፅ ተብሎ በተዘረጋ ተራ የስልክ መስመር ፈጣን ኢንተርኔት የሚያስተላልፍ ዘዴ ነው። አዲስ ቦይ መቆፈር አይጠይቅም፤ ከስልክ ጣቢያ ተነስታ ቤት የገባችው ጥንድ የመዳብ ሽቦ ትበቃዋለች። «ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ፣ ፍቺውም ሽቦ ማለት ነውና፣ ኢንተርኔቱ የተሳፈረው ስሙ በሚጠራው ነገር ላይ ነው።

ከዚህ በፊት የነበረው የዳያል አፕ ሞደም መረጃውን ወደ ጩኸት ለውጦ እንደ ንግግር ይልከው ነበር። የስልክ ንግግር የሚይዘው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ጠባብ ክልል ብቻ በመሆኑ፣ ፍጥነቱ ከ56 ኪሎ ቢት በሰከንድ አላለፈም። ኢንተርኔት ሲከፈትም ስልኩ ይያዛል፤ የሚደውል ሰው መስመሩን አያገኝም። ይሁን እንጂ ጥበቱ የሽቦው አልነበረም። መዳቡ ከንግግር በመቶዎች እጥፍ የሚልቅ ድግግሞሽ መሸከም ይችላል፤ ያ ሁሉ ስፋት ግን ለዘመናት ሥራ ፈትቶ ኖሯል።

ኤዲኤስኤል የያዘው ይህንኑ ባዶ ቦታ ነው። ድምፅ እንደ ቀድሞው ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ይቀመጣል። ከደንበኛው የሚወጣው መረጃ በግምት ከ26 እስከ 138 ኪሎኸርዝ፣ ወደ ደንበኛው የሚመጣው ደግሞ ከዚያ ተነስቶ እስከ 1104 ኪሎኸርዝ ያለውን ክልል ይወስዳል። ቤት ውስጥ ስፕሊተር የምትባል ትንሽ ሳጥን ድምፁን ለስልኩ፣ መረጃውን ለሞደሙ ትለያለች። በጣቢያው በኩል ዲስላም የተባለ መሣሪያ የብዙ ደንበኞችን መስመር ሰብስቦ ከኢንተርኔቱ ጋር ያገናኛል። ስፕሊተሯ ከተዘነጋች ስልኩ ሲነሳ ሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ግንኙነቱም ይቆራረጣል።

ለመጪው መረጃ ሰፊ፣ ለወጪው ጠባብ መንገድ የመስጠቱን ሐሳብ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው በአሜሪካ የቤልኮር ተቋም ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጆሴፍ ሌክላይደር ነው። ቤተሰብ ከሚልከው ይልቅ የሚቀበለው ይበዛል፤ ነገር ግን ከዚህ ልማድ ሌላ ቴክኒካዊ ምክንያትም አለ። ጣቢያው ደጃፍ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሽቦዎች በአንድ ኬብል ታጭቀው ይገባሉ። ከሩቅ ቤት ደክሞ የደረሰ ምልክት፣ ገና ከጣቢያው በሙሉ ጉልበቱ ከሚወጣ የጎረቤት ምልክት ጋር በአንድ ድግግሞሽ ቢገናኝ ይዋጣል። ሁለቱን አቅጣጫዎች በየክልላቸው መለየቱ ይህን ጉዳት ያስቀራል። ትልልቅ ፋይል የሚልክ ማተሚያ ቤት ወይም ከቅርንጫፉ ጋር ቀኑን ሙሉ መረጃ የሚለዋወጥ ድርጅት ግን በዚህ ክፍፍል ይጎዳል፤ ለእንዲህ ያሉት በሁለቱም አቅጣጫ እኩል የሚፈጥን ኤስዲኤስኤል የሚባል ዓይነት ተሠርቷል።

ሌላው ብልሃት የስታንፎርዱ ጆን ሲዮፊ በዋናነት ያዳበሩት የአላላክ ስልት ነው። ሰፊው ክልል እያንዳንዳቸው 4.3125 ኪሎኸርዝ በሆኑ 256 ቀጫጭን መስመሮች ይከፋፈላል። ሞደሙ ሲበራ እያንዳንዱን ይፈትሻል፤ ጥርት ባለው ላይ ብዙ መረጃ፣ ጩኸት ባለበት ላይ ጥቂት ይጭናል፣ የተበላሸውን ጭራሽ ይተወዋል። የሞደሙ መብራት ሳያቋርጥ መብራት ከመጀመሩ በፊት ብልጭ ድርግም ሲል የሚቆየው ሞደሙ በዚህ ፍተሻ ላይ ሳለ ነው።

የፍጥነቱ ዋና ወሳኝ ርቀት ነው። ከፍተኛ ድግግሞሽ በመዳብ ላይ ቶሎ ይደክማል፤ የመጀመሪያው ኤዲኤስኤል እስከ 8 ሜጋ ቢት በሰከንድ ቢደርስም፣ ከጣቢያው 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን ጥቂት ብቻ ይተርፋል። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው ኤዲኤስኤል ሁለት ፕላስ ጣሪያውን ወደ 24 ቢያወጣውም ጥቅሙ የሚታየው ለጣቢያው ቅርብ ለሆነ ነው። የሚቆጠረው ደግሞ ሽቦው የዞረበት መንገድ እንጂ የቀጥታው ርቀት አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ክፍያ የሚከፍሉ ሁለት ጎረቤቶች የተለያየ ፍጥነት ቢያገኙ አያስገርምም። ውሃ የገባበት መጋጠሚያና የዛገ ሽቦም ከዚሁ ላይ ይቀንሳሉ። ቪዲኤስኤል የሚባለው ዓይነት የርቀቱን ችግር በሌላ መንገድ ፈትቶታል፦ ፋይበሩን እስከ ሰፈሩ ካቢኔት አምጥቶ ለመዳቡ የመጨረሻዋን ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ተወለት። በዚህ አጭር ርቀት 100 ሜጋ ቢት ይደረሳል።

በኢትዮጵያ ኢንተርኔት በ1997 (እ.ኤ.አ.) በዳያል አፕ ጀመረ፤ ብሮድባንድ የመጣው በኋላ ነው። መደበኛ ስልክ ያለው ቤት ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት በመሆኑ፣ የሽቦው ኢንተርኔት በመሥሪያ ቤቶች፣ በኢንተርኔት ካፌዎችና በተወሰኑ ቤቶች ሲወሰን፣ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔትን ያወቀው በሞባይል ነው። አሁን አዲስ የሚዘረጋው ፋይበር ነው። ብሪታንያን በመሰሉ አገሮችም የመዳቡ መስመር ቀስ በቀስ እየተዘጋ ይገኛል።

መዳብ ሲሄድ አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል። የስልክ ጣቢያው በሽቦው ላይ ወደ 48 ቮልት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ስለሚልክ፣ መብራት ሲጠፋ ሞደሙ ይዘጋል እንጂ ተራው ስልክ ይሠራል። ፋይበር የሚያስተላልፈው ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስላልሆነ፣ በእሱ የገባ ስልክ ቤቱ ውስጥ ባትሪ ከሌለ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋል።