«ደረሰኙስ የታለ?» ከሥራ ጋር ዲግሪዋን ከያዘች ወጣት የተማርነው

ወዳጃችን እንግሊዝ አገር ከገባ ሃያ ዓመት አልፎታል። አገር ቤት ሳለ ሁላችንም «ኮሜርስ» በምንለው ኮሌጅ ተምሮ በአንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ሹም ነበር። ለንደን ላይ የጠበቀው ሥራ ግን ሌሊት ሌሊት የሰው ሕንጻ መጠበቅ ሆነ። ስለዚህም በ2021 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ልጁ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ «እንደ ጓደኞቼ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ሥራ ነው የምገባው» ያለች ዕለት ቤቱ የለቅሶ ቤት መሰለ። እናት «ሰው ምን ይለናል?» ብላ አለቀሰች። አባት ስልክ ደውሎ እንድንመክርለት ለመነን። እኛም የተማረ ሰው ማለት ጥቁር ጋውን ለብሶ ፎቶ የተነሳ ብቻ የሚመስለን የአገራችን ልጆች ነንና ልንመክር ሄድን። ተመክረን ተመለስን።

«ጋሼ፣ አልማርም መቼ አልኩ? ተበድሬ አልማርም ነው ያልኩት» አለችን ሳቅ ብላ።

ነገሩ «ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ» ይባላል። በእንግሊዝ የተጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ተማሪው በአንድ ድርጅት በደመወዝ ይቀጠራል፤ ከሥራ ሰዓቱ እየተቀነሰለት ይማራል፤ ሲጨርስ ዲግሪውን ይይዛል። የትምህርቱን ዋጋ እርሱ አይከፍልም። ከኤፕሪል 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓመታዊ የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ቀጣሪዎች በብልጫው ላይ 0.5 በመቶ ለዚሁ ሥልጠና እንዲከፍሉ በሕግ ተደንግጓል። ልጅቱ ሥራ በጀመረችበት ዓመት በመደበኛው መንገድ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ጓደኞቿ በዓመት እስከ 9,250 ፓውንድ ድረስ ይከፍሉ ነበር፤ አብዛኞቹም በብድር።

እርሷ የተቀጠረችው በአንድ የኦዲት ቢሮ ነው። በሳምንት አራት ቀን ሥራ፣ አንድ ቀን ትምህርት። ቅዳሜና ምሽቱ ለፈተና ጥናት። የምትከተለው መንገድ ከዲግሪው ጎን የኤ.ሲ.ሲ.ኤ. የሙያ ማዕረግን የሚያስገኝ ነው። ለዚህ ደግሞ 13 ፈተናዎችና የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ በቀደመ ትምህርት ከጥቂቶቹ ፈተናዎች ነጻ መሆን ቢቻልም። «ተማሪ ነኝ ብዬ አላርፍም፤ ሠራተኛ ነኝ ብዬም ጥናት አልተውም፤ ሁለቱም አለቆች ናቸው» ትላለች። በሁለተኛው ዓመት በታክስ ፈተና ወደቀች። ሦስት ቀን ከክፍሏ አልወጣችም ነበር። ለወላጆቿ የነገረቻቸው ደግማ ተፈትና ካለፈች በኋላ ነው።

ከሁሉም ያስደነቀን የመጀመሪያው ዓመት የመጋዘን ቆጠራ ታሪኳ ነው። የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ቅዝቃዜው አጥንት በሚሰብር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስትቆጥር ዋለች። አለቃዋ የሰጠቻት መመሪያ አጭር ነበር። ከመዝገቡ አሥር ዕቃ መርጠሽ መደርደሪያው ላይ መኖሩን እይ፤ ቀጥሎ ከመደርደሪያው አሥር ዕቃ መርጠሽ መዝገቡ ላይ መጻፉን እይ። የመጀመሪያው የሌለው አለ ተብሎ እንዳይጻፍ ነው። ሁለተኛው ያለው ሳይጻፍ እንዳይቀር ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ «ካርቶኑን መክፈት አያስፈልግም» ቢላትም በትሕትና ከፈተችው። ሁለቱ ባዶ ነበሩ። ሌብነት አልነበረም፤ ዕቃው ተሽጦ ከመዝገብ ሳይቀነስ ቀርቶ ነው። ሳይከፈት ግን አይታወቅም ነበር።

የኦዲት ደንብ ይህንን «ሙያዊ ጥርጣሬ» ይለዋል። ሰውን ሌባ ነው ብሎ መነሳት አይደለም፤ ሐቀኛ ነው ብሎ ማለፍም አይደለም። ማስረጃ መጠየቅ ነው። አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲሉ ግማሹን ነግረውናል። ሌላውን ግማሽ፣ ሳይሰድቡ መጠርጠርን፣ ከዚች ልጅ ሰማን።

ፈተናው ወደ እኛው ቤት መጣ። ከጥቂት ዓመት በፊት የአካባቢያችን የኮሚኒቲ ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ሲቃረብ «የገንዘብ ያዡ ነገር» የሚል ሹክሹክታ በረታ። ሽማግሌዎቹ ልጅቱን መዝገቡን እንድታይ ጠየቋት። የአዳራሹ ኪራይ ደረሰኝ አለ፤ የበግ መግዣው የለም፤ የዘመን መለወጫው ወጪ በአንድ ብጣሽ ወረቀት በእርሳስ ተጽፏል። ገንዘብ ያዡ የተከበሩ ሰው ናቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ሌባ ልትይኝ ነው፣ ልጄ?» አሏት።

«ኧረ በፍጹም፣ አባባ። እርስዎን ከሐሜት የሚያወጣዎት ወረቀት ነው የምፈልገው» አለች።

ሦስት ቅዳሜ አብረዋቸው ተቀመጡ። የባንኩን ዝርዝር ከመዝገቡ ጋር መስመር በመስመር አስታረቀች፤ ሥጋ ቤቱ ድረስ ሄዳ የደረሰኝ ቅጂ አስወጣች። ውጤቱ ሁላችንንም አሳፈረን። ገንዘብ ያዡ አንዲት ሳንቲም አልነኩም። እንዲያውም ከኪሳቸው አውጥተው ማኅበሩ ያልመለሰላቸው 214 ፓውንድ ተገኘ። በስብሰባው ላይ ሲነበብ ሲያሟቸው የከረሙት ቀድመው አጨበጨቡ። እርሳቸው ግን አቀርቅረው እንባቸውን ጠረጉ።

እኛም የራሳችንን መዝገብ መክፈት ግድ ሆነብን። በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት በሠራንባቸው ዓመታት «ምርት በዚህን ያህል በመቶ አደገ»፣ «ይህን ያህል ሺህ ሰዎች ተጠቃሚ ሆኑ» የሚሉ ዜናዎች ጠረጴዛችን ላይ ይወርዱ ነበር። ሆሄ አረምን፤ ርእስ አሳመርን። ከመዝገቡ ወደ መደርደሪያው የሄድንበት ቀን ግን አልነበረም። ካርቶኑን አልከፈትንም። ፈርተን ነበር ማለት ይቻላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን መጠየቅን እንደ ድፍረት፣ ዝምታን እንደ ጨዋነት ያስተማረን ቤታችንም ነበር።

አገራችን ለጠያቂ ምን እንደምትከፍል አንባብያን አይዘነጉትም። የፌዴራል ዋና ኦዲተር የነበሩት አቶ ለማ አርጋው ለክልሎች በተሰጠ በጀት ላይ ያቀረቡት ሪፖርት ውዝግብ ካስነሳ በኋላ በ2006 እ.ኤ.አ. ከኃላፊነታቸው ተነሱ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት በሚዘወተርበት አገር የሂሳብ ባለሙያ መሆን ቁጥር መደመር ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ መንግሥትን «ገንዘባችን የት ገባ?» ብለን በሰልፍ የምንጠይቅ ስደተኞች የራሳችንን ማኅበርና የራሳችንን ድርጅት መዋጮ ደረሰኝ የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን? ስንጠየቅስ የማንቆጣው?

ልጅቱ በ2025 እ.ኤ.አ. ተመረቀች። ጋውኑም አልቀረ፤ እናቷ እንደምትመኘው ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። ብድር ግን የለባትም፤ የአራት ዓመት የሥራ ልምድም ይዛለች። ልጆች ላሏችሁ አንድ ነገር እንጠቁም። ከጃንዋሪ 2026 እ.ኤ.አ. ወዲህ በእንግሊዝ ደረጃ 7 ለሚባለው ከፍተኛ ሥልጠና፣ የሂሳብ ሙያውን ጨምሮ፣ መንግሥት ለአዲስ ጀማሪዎች የሚከፍለው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 21 ለሆኑት ብቻ ነው። «ሰው ምን ይለናል» እያልን ጊዜው እንዳያልፍባቸው።

አባትየው አሁንም ሌሊት ሌሊት ሕንጻ ይጠብቃል። ባለፈው እሑድ ቤታቸው ቡና ስንጠጣ የድሮውን የኮሜርስ መዝገብ አያያዝ ለልጁ ሲያስረዳት፣ እርሷም እያረመችው ሲሳሳቁ አገኘናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ሙያው ሲያወራ ሰምተነው አናውቅም ነበር።

ቸር ይግጠመን።