ሐረግን ከግድግዳችን እንዴት እናንሣ?

በመንዝና በግሼ ብዙው ቤታችን በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው። በጓሳ ሣር የተከደነም አለ። አዞ ሐረግ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ያምራል፤ ጉዳቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ነው። ቅጠሉ ፀሐይን ስለሚከልል፣ ክረምት ያረጠበው ጭቃ ቶሎ አይደርቅም። ጭቃው ሲላላ ድንጋዩ ይናዳል። ክዳኑም ይበሰብሳል። አይጥም መሰላል አገኘ ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? እርጥቡን ሐረግ አንጎትት፤ ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። በበጋ ግንዱን ከታች እንቁረጠው። ሲደርቅ ቀስ አድርገን እናውርደው። ውኃው ቆዳ ያቃጥላልና ልጆች አይንኩት። ሥሩን ቆፍረን እናውጣ፤ አለዚያ እንደገና ያቆጠቁጣል። የተከፈተውን ቀዳዳ ጭድ በገባበት ጭቃ እንምረግ።

መሬቱንም ባዶውን አንተወው፤ ጎርፍ የቤቱን መሠረት ይሸረሽራል። ክረምት ሲገባ፣ ከግድግዳው ሁለት ሦስት ክንድ ርቀን፣ በደጋው ጓሳ፣ ዝቅ ባለው በመርሐቤቴ ጌሾ እንትከል። ባሕር ዛፍ ግን ከቤት ይራቅ።

የጓሳ ሥር አፈር ይይዛል፤ ሣሩ ለክዳንና ለገመድ ይሆናል። የመንዝ ሰው የጓሳን ሜዳ ከልሎ፣ ሣር የሚታጨድበትን ጊዜ እየወሰነ ለዘመናት የጠበቀው ጥቅሙን ስላወቀ ነው። እኛም ጣራ የሚያበሰብሰውን ነቅለን፣ ጣራ የሚሆነውን እንትከል።