የኦንላይን አስጠኚነትን ከሰቆጣ ሆኖ መፈለግ

አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ሰው ለብዙ ዓመታት መዋያው አራት ኪሎ ነበር። ጋዜጣ ለጥቂት ደቂቃ ተከራይቶ ክፍት የሥራ ቦታዎቹን በማስታወሻው ይገለብጣል፤ ማስታወቂያ በተለጠፈበት ሰሌዳ ሥር ቆሞ ከሌሎች ጋር እየተጋፋ ያነባል። ሰቆጣ ላይ ደግሞ ማስታወቂያ ማለት በዞንና በወረዳ መሥሪያ ቤቶች በር ላይ የሚለጠፍ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ከመዲናዋ የተነሣ ጋዜጣ ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ኽምራ ብሔረሰብ ዞን እስኪደርስ የምዝገባው ቀን ሊያልፍ ይችላል። የሥራ ፍለጋ ድረ ገጾች ይህን ርቀት አጥፍተውታል። ዛሬ ጠዋት የወጣ ማስታወቂያ ቦሌም ሰቆጣም በተመሳሳይ ሰዓት ይነበባል።

ከእነዚህ ማስታወቂያዎች መካከል የአንድ መምህርን ቀልብ የሚስበው ቤት ተቀምጦ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ማስተማር የሚቻልበት ሥራ ነው። ሰቆጣ የራሷ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያላት ከተማ ስለሆነች ማስተማር የሚችል ሰው አታጣም። ታዲያ እነዚህ ድረ ገጾች ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምን ያህል ይጠቅሙታል?

በቅድሚያ ድረ ገጾቹን እንተዋወቅ። ከአገር ውስጦቹ ቀደም ያለውና ስሙ የገነነው ኢንፎ ማይንድ ሶሉሽንስ የተባለው ኩባንያ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ጆብስ ነው። ሀሁ ጆብስ በየቦታው የተበተኑ ማስታወቂያዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ ያቀርባል። ቀድሞ ፍሪላንስ ኢትዮጵያ ይባል የነበረው አፍሪወርክ በአብዛኛው በቴሌግራም ይሠራል፤ ማስታወቂያው በቻናሉ ይወጣል፣ አመልካቹም በዚያው በቦቱ በኩል ማመልከቻውን ይልካል። ከውጭዎቹ ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ሊንክድኢንና በ2004 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኢንዲድ ይጠቀሳሉ። ኢንዲድ አሠሪዎች ከሚለጥፉበት በተጨማሪ ከየኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ ይለቅማል።

ሁሉም ጠቅላላ ገበያ ናቸው። ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ ነርስና የፕሮጀክት አስተባባሪ በአንድ ላይ ይፈለግባቸዋል። አስጠኚ በብዙዎቹ ላይ ለብቻው የተለየ መደብ ስለሌለው አንዳንዴ «ትምህርት» ከሚለው ዘርፍ፣ አንዳንዴ «ፍሪላንስ»፣ አንዳንዴም «ፓርት ታይም» ከሚለው ሥር ይገኛል። ስለዚህ ዘርፉን መርጦ ከመጠበቅ ቃሉን ጽፎ መፈለግ ይሻላል። አንድ ቃል ብቻ መጻፍም አይበቃም፤ «ቲዩተር»፣ «ኦንላይን መምህር»፣ «የአማርኛ መምህር» የሚሉትን በእንግሊዝኛ ፊደል እየቀያየሩ መሞከር ያስፈልጋል። የተሳካውን ፍለጋ ካስቀመጡት ድረ ገጹ አዲስ ማስታወቂያ ሲመጣ ራሱ በኢሜይል ያሳውቃል። የሞባይል ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስታወቂያውን አጣርቶ ማንበብ ነው። የአገር ውስጡ የአስጠኚ ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦ «ለ4ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉንም የትምህርት ዓይነት የምታስጠና ሴት ቲዩተር፤ በሳምንት 3 ቀን፤ ሰዓት ከ11 እስከ 1፤ አድራሻ ሲኤምሲ»። ይህ ሥራ ያለ ጥርጥር ሥራ ነው፤ ለሰቆጣ ሰው ግን አይሆንም። አሠሪው የሚፈልገው በር አንኳኩቶ የሚገባ አስጠኚ ነው። ስለዚህ ደመወዙን ከማየት በፊት አድራሻውን ማየት ጊዜ ይቆጥባል።

የውጭዎቹ ወጥመድ ደግሞ «ሪሞት» የሚለው ምልክት ነው። ብዙ ሰው ከየትኛውም አገር መሥራት ይቻላል ማለት ይመስለዋል። ወረድ ብሎ ያነበበ ግን አመልካቹ አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ውስጥ የሚኖርና እዚያው የመሥራት ፈቃድ ያለው መሆን እንዳለበት የሚገልጽ መስመር ያገኛል። ለቻይና ልጆች እንግሊዝኛ በማስተማር ስሙ ገንኖ የነበረው ቪአይፒኪድ ይቀጥር የነበረው ዲግሪ ያላቸውን የአሜሪካና የካናዳ መምህራን ነበር። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የቻይና መንግሥት በግል የማስጠናት ንግድ ላይ ጥብቅ ገደብ ጥሎ ከአገሩ ውጭ ያሉ የውጭ ዜጎች በኦንላይን ልጆችን እንዳያስተምሩ ሲከለክል፣ ያ ሰፊ ገበያ ለእነሱም ተዘጋ። በቅርቡ ደግሞ «ኤአይ ቲዩተር» የሚሉ ማስታወቂያዎች ብቅ ብለዋል። የኢሎን መስክ ኩባንያ ኤክስኤአይ በዚህ መጠሪያ ከሚቀጥሩት አንዱ ነው። ሥራው ልጅ ማስጠናት ሳይሆን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም የሚሰጠውን መልስ ማረምና መመዘን ነው።

እንግሊዝኛና ሒሳብ ለማስጠናት ከሰቆጣ የሚያመለክት ሰው ከሕንድ፣ ከፊሊፒንስና ከኬንያ መምህራን ጋር ይፎካከራል። ውድድሩ የሚቀልለው በአማርኛ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በጀርመን፣ በስዊድንና በሌሎችም አገሮች ልጆቻቸው አማርኛ እንዳይጠፋባቸው የሚጨነቁ ኢትዮጵያውያን ወላጆች አሉ። የብዙዎቹ ልጆች አፍ መፍቻ የሚኖሩበት አገር ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ለእነሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው።

የዋግ ኽምራ መምህር ከሌላው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በብሔረሰብ ዞኑ የሚነገረው ኽምጣኛ በአንዳንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ አማርኛ ራሱን ችሎ በትምህርት ዓይነትነት ይሰጣል። ኽምጣኛ ተናጋሪ ሕፃናትን «ለ» እና «ላ»ን እንዲለዩ፣ ግሥ እንዲያረቡ፣ «መጣ» እና «መጣች» እንዳይቀላቀሉባቸው ያስተማረ ሰው፣ አማርኛን ለአማርኛ ተናጋሪ ብቻ ያስተማረ የአዲስ አበባ መምህር የማያውቀውን ያውቃል። ችግሩ ብዙዎች ይህን በሲቪያቸው ላይ አይጽፉትም፤ «የ10 ዓመት የማስተማር ልምድ» ብለው ያልፉታል። ወላጁ የሚፈልገው ግን አማርኛ የማይናገር ልጅ ማስተማር የሚችል ሰው ነው።

ሰዓቱም ሊታሰብበት ይገባል። ዋሽንግተን በክረምታቸው ከእኛ በ8 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ልማር ቢል ሰቆጣ ላይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቢሆን ግን እኛ ጋ ምሽት 12 ሰዓት ይሆናል፤ ለሁለቱም ይመቻል። ጀርመን ከእኛ የምትርቀው 2 ሰዓት፣ በበጋቸው ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ ነው። ቀን ክፍል ገብቶ ለሚያስተምር መምህር የአውሮፓ ተማሪ ይሻለዋል።

እነዚህን ወላጆች ጠቅላላ የሥራ ድረ ገጽ ላይ ማግኘት ብርቅ ነው፤ ውጭ ያለ ወላጅ እንደ ድርጅት ማስታወቂያ አያወጣም። ተማሪንና የቋንቋ አስጠኚን በቀጥታ ለማገናኘት የተሠሩት ድረ ገጾች ኢታልኪና ፕረፕሊ ናቸው፤ በሁለቱም አማርኛ ይሰጣል። ዋጋቸው ግን መታወቅ አለበት። ፕረፕሊ ከእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ የመጀመሪያውን የሙከራ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ከ33 በመቶ ጀምሮ ሰዓቱ ሲጨምር እስከ 18 በመቶ የሚወርድ ኮሚሽን ይቆርጣል። በሰዓት 8 ዶላር የሚያስከፍል ጀማሪ የሚደርሰው 5 ዶላር ከ36 ሳንቲም ነው። ኢታልኪ 15 በመቶ ይቆርጣል። የጠቅላላ ድረ ገጾቹ ጥቅም በተቃራኒው ነው፤ ከአመልካች ኮሚሽን አይቆርጡም፣ የሚያገናኙትም በአብዛኛው ከቋሚ አሠሪ፣ ማለትም ከትምህርት ቤት ወይም ከማስጠኛ ድርጅት ጋር ነው።

ገንዘቡ በምን ይመጣል? አሠሪው አገር ውስጥ ከሆነ ቴሌብርና ባንክ አሉ። ከውጭ ሲሆን መንገዱ ይጠብባል። በፔይፓል ከኢትዮጵያ ሆኖ ገንዘብ መቀበል አይቻልም፤ በፍሪላንስ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙውን ጊዜ ፔዮኒርን ይጠቀማሉ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር በባንክ በኩል ማስገባት ከበፊቱ የተሻለ ብር ያስገኛል። ሥራ ከመጀመር በፊት አሠሪውን «በምን ትከፍላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

መብራትና ኔትወርክ የሁሉ ማሰሪያ ናቸው። በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዘመን ዋግ ኽምራ ያለ መብራት ረጅም ጊዜ አሳልፏል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በኋላም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ተማሪ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ከተበላሸበት ሌላ መምህር ይፈልጋል። ስለዚህ ተለዋጭ ሲም፣ የተሞላ ፓወር ባንክና ክፍለ ጊዜው ቢሰረዝ የሚካካስበትን ቀን አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።

አጭበርባሪም አይጠፋም። ለምዝገባ፣ ለሥልጠና ወይም ለ«አካውንት ማስከፈቻ» ብር የሚጠይቅ፣ የድርጅቱን ስም ሳይገልጽ በቴሌግራም ብቻ የሚያዋራ፣ የባንክ የይለፍ ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ አሠሪ አይደለም። እውነተኛ አሠሪ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም።

በአጠቃላይ ጠቅላላ የሥራ ድረ ገጾች ለሰቆጣ መምህር በር ከፋች ናቸው፤ ብቻቸውን ግን እንጀራ አይሆኑም። አማርኛን ለኽምጣኛ ተናጋሪ ልጆች ያስተማራችሁ የዋግ መምህራን፣ ይህን በሲቪያችሁ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉት፤ ከአገር ውስጡም ከውጭውም ድረ ገጽ ማሳወቂያ ክፈቱ፤ አንድ ተማሪ ይዛችሁ ጀምሩ። ገቢው ለተከታታይ ወራት እስኪረጋ ድረስ ግን የመንግሥት ደመወዛችሁን አትልቀቁ።