የተቀበረ ወርቅ አለ ሲባል

ዛሬ ስለ ተቀበረ ሀብት የሚነገረውን ወሬ እንዴት እንደምንመረምር እንማራለን።

አንድ ሰው መጥቶ፣ «በጎባ መንገድ ካለው ፍርስራሽ ሥር ወርቅ ተቀብሯል» ቢላችሁ፣ ዶማ ከማንሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት። ያየው ማን ነው? የተነገረው ወይም የተጻፈው መቼ ነው? ሌላስ ምስክር አለው?

ምሳሌ እንመልከት። ዛሬ ወሎ በምንለው አገር መካነ ሥላሴ የተባለ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ሥራውን አፄ ናዖድ ጀመሩት፤ ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ፈጸሙት። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የቤተ ክርስቲያኑን ውበት ጽፏል። ከኢማም አሕመድ ሠራዊት ወገን የነበረው ዐረብ ፈቂህም ጽፏል። ሁለቱ በሃይማኖትም በወገንም ይለያያሉ፤ ሆኖም ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ክብር ቃላቸው ይስማማል። ስለዚህ ነገሩ ተረት አይደለም።

ታዲያ ወርቁ የት ገባ? ዐረብ ፈቂህ እንደሚነግረን፣ በ1524 ዓ.ም. ወታደሮቹ ወርቁን በመጥረቢያ እየላጡ ወሰዱ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ተቃጠለ። እንግዲህ «ወርቁ እንዳለ ከመሬት ሥር ነው» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ይህን ምስክርነት በምን ያፈርሰዋል? የባሌ ጦርነትም በዚሁ መጽሐፍ ተጽፏልና ስለ አገራችን ሲወራም መጽሐፉን መጠየቅ ይቻላል።

ሌላ ምሳሌ ደግሞ በዝዋይ ሐይቅ አለ። በጥንት ዘመን ካህናት ንዋየ ቅድሳትን ይዘው ወደ ደሴቶቹ እንደ ሸሹ ይተረካል። በደብረ ጽዮን ደሴት ዛሬም ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት አሉ። መጻሕፍቱ የትረካውን እያንዳንዱን ቃል ባያረጋግጡም፣ በዓይን የሚታዩ ምስክሮች ናቸው።

ልጆች፣ ያለ ዕውቀት መቆፈር ጉዳቱ ብዙ ነው። የሸክላ ስባሪና ከሰል እንኳ በተቀመጡበት ቦታ ሳሉ ዘመናቸውን ይናገራሉ፤ አፈሩ ከተደባለቀ ግን ምስክርነታቸው ይጠፋል። ያለ ፈቃድ የቅርስ ቦታ መቆፈርንም በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ይከለክላል። አሮጌ ነገር ብታገኙ ከቦታው ሳታነሡ ለወላጆቻችሁና ለካህናት ንገሩ፤ እነርሱም ለባህል ጽሕፈት ቤቱ ያስታውቃሉ።

ጥያቄዎች
1. ሦስቱ የመመርመሪያ ጥያቄዎች ምንድን ናቸው?
2. የአልቫሬዝና የዐረብ ፈቂህ ቃል መስማማቱ ለምን ይጠቅማል?
3. በሰፈራችሁ የሚነገር አንድ የሀብት ወሬ ከአያቶቻችሁ ጠይቁና በሦስቱ ጥያቄዎች መርምሩት።