አንድ ትልቅ ስክሪን ለሥራ፣ ለጌም እና ለቴሌቪዥን፦ ከመግዛት በፊት ምን መታየት አለበት?

ቀድሞ ቴሌቪዥን የሚገዛው ለዜና እና ለድራማ ነበር። ዛሬ ግን ያው ስክሪን ቀን የጽሕፈት ሥራ እንዲሠራበት፣ ከትምህርት መልስ ልጆች ጌም እንዲጫወቱበት፣ ማታ ደግሞ ቤተሰቡ ተሰብስቦ እንዲያይበት ይፈለጋል። ለሦስት አገልግሎት አንድ ዕቃ መግዛት ወጪ ይቆጥባል። ይሁን እንጂ ለአንዱ አገልግሎት የተመቸው ለሌላው ላይመች ይችላል፤ ገዢው ደግሞ ሱቅ ገብቶ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው "ስንት ኢንች ነው?" ብሎ ብቻ ነው።

ኢንቹ የሚናገረው የስክሪኑን ሰያፍ ርዝመት ነው። 43 ኢንች የሚባለው ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን 109 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የጎኑ ስፋት 95 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ምስሉ የሚሠራው ግን ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። ፉል ኤችዲ ስክሪን በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥቦች አሉት፤ በድምሩ 2 ሚሊዮን ያህል ማለት ነው። 4ኬ የሚባለው 3,840 በ2,160፣ ማለትም ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ይይዛል። ስክሪኑ ስለሰፋ ነጥቦቹ አይበዙም። 24 ኢንች ፉል ኤችዲም ሆነ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ እኩል ነጥብ አላቸው፤ በትልቁ ላይ ነጥቦቹ ይጎላሉ እንጂ።

ይህ ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚታየው ጽሑፍ ላይ ነው፤ በተለይም በፊደላችን። "ነ"ን ከ"ኘ"፣ "ተ"ን ከ"ቸ" የሚለየው አናቱ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት። ነጥቦቹ ትልልቅ ሲሆኑ ጭረቷ ትደበዝዛለች፤ ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ወይም የሒሳብ ሰንጠረዥ ሲመለከት የሚውል ሰው ዓይኑ ይደክማል። 43 ኢንች ፉል ኤችዲ በአንድ ኢንች ውስጥ 50 ያህል ነጥቦች ብቻ ሲኖሩት፣ 43 ኢንች 4ኬ ግን 100 ያህል አለው፤ ይህም ቢሮ ውስጥ ከሚገኝ ባለ 24 ኢንች የኮምፒውተር ስክሪን ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ የጽሕፈት ሥራው የምር ከሆነ 43 ኢንች 4ኬ ተመራጭ ነው፤ ከ80 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ርቆ መቀመጥም ያስፈልጋል። 55 ኢንችን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ መሥራት አንገትን ከማድከም በቀር ትርፉ ትንሽ ነው።

ለቴሌቪዥን ብቻ ለሚገዛ ሰው ጉዳዩ ይለወጣል። ጤናማ ዓይን በ55 ኢንች ስክሪን ላይ ፉል ኤችዲን ከ4ኬ መለየት የሚችለው በግምት ከ2.2 ሜትር ባነሰ ርቀት ሲመለከት ነው። ከዚያ ርቆ ሶፋ ላይ ለሚቀመጥ ቤተሰብ፣ ስለ ነጥቦቹ ብዛት ብቻ ተብሎ የሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብ ጥቅሙ አይታይም።

ካርቶን ላይ የተጻፈውን ማንበብም ጥንቃቄ ይሻል። "4ኬ ይቀበላል" ማለት ከውጭ የሚመጣውን የ4ኬ ምስል ተቀብሎ አሳንሶ ያሳያል ማለት ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት የስክሪኑ የራሱ የነጥብ ቁጥር ነው። ኮምፒውተር ሲገናኝም የኤችዲኤምአይ መሰኪያው አሮጌ ከሆነ በ4ኬ ምስሉን በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ያድሳል፤ ማውሱም እየተጎተተ ያስቸግራል። 60 ጊዜ የሚያድስ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። በብዙ ቴሌቪዥኖች ማስተካከያ ውስጥ መሰኪያውን "ፒሲ" ብሎ መሰየም ብቻውን የፊደላቱን ጥራት ያሻሽላል። ብዙዎች ይህን ሳይሞክሩ ዕቃውን ይወቅሳሉ።

ለጌም ዋናው ነገር ጆይስቲኩ ከተነካበት እስከ ምስሉ እንቅስቃሴ ያለው መዘግየት ነው፤ "ጌም ሞድ" የሚባለው አማራጭ ይህን ይቀንሳል። መደበኛው ፕሌይስቴሽን 4 ከፉል ኤችዲ በላይ ስለማያወጣ፣ በሰከንድ 120 ጊዜ ለሚያድስ ውድ ስክሪን መክፈል ትርጉም የለውም። ለፕሌይስቴሽን 5 ግን ሊያስፈልግ ይችላል።

ከሁሉም ይልቅ ኪሳራ የሚያመጣው የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። በሀገራችን መስመሩ 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የሚመጡ አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ በቀጥታ ከተሰኩ ይቃጠላሉ። ከጀርባው ባለው ምልክት ላይ "100-240" የሚል ካለ ችግር የለም፤ "120" ብቻ ከሆነ ኃይል የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ስታቢላይዘር መጠቀም፣ መብራት ሲጠፋም ከሶኬት ነቅሎ መስመሩ እስኪረጋጋ መቆየት ዕቃውን ያተርፋል።

በፀሐይ ኃይል ለሚጠቀም አርሶ አደር ሒሳቡ ይበልጥ ጥብቅ ነው። 100 ዋት የሚወስድ 43 ኢንች ቴሌቪዥን በማታ 4 ሰዓት ቢከፈት 400 ዋት-ሰዓት ይጨርሳል፤ የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው ኢንቨርተርም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ መጠቀም አይመከርም፤ ግማሹ ደግሞ 600 ዋት-ሰዓት ነው። ደመናማ ቀን ከተከታተለ አምፖሉም ስልኩም ሊቸገሩ ነው። ያለ ኢንቨርተር በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራና 20 ዋት የሚወስድ 24 ኢንች ቴሌቪዥን ግን በዚያው 4 ሰዓት 80 ዋት-ሰዓት ብቻ ይፈልጋል። ገጠር ላለ ቤት ከትልቁ ይልቅ ይህ ይሻላል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት ስክሪኑ ሱቁ ውስጥ መከፈት አለበት። በፍላሽ ሙሉ ነጭ እና ሙሉ ጥቁር ምስል ይዞ ሄዶ ማሳየት የሞተ ነጥብን፣ መስመርን እና የብርሃን መዛነፍን ያጋልጣል። የጋራንቲ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከዕቃው ጀርባ ካለው ጋር አንድ መሆኑም ይታይ። ወደ ቤት ሲጓጓዝ በካርቶኑ ሆኖ እንደቆመ እንጂ ተጋድሞ አይጫን፤ ባጃጅ ውስጥ የማይገባ ከሆነም ቆሞ የሚጫንበት ሌላ ተሽከርካሪ መፈለግ ያዋጣል።