በኤድስ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት እንክብካቤ በአፍሪካ

በኤድስ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት እንክብካቤ ማለት እናታቸው፣ አባታቸው ወይም ሁለቱም በኤድስ የሞቱባቸውን ልጆች የማሳደግ፣ የማስተማር፣ የማሳከምና መብታቸውን የማስጠበቅ ሥራ ነው። ችግሩ በሌሎች አህጉሮችም ቢኖርም ከሁሉ የከፋው ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ባሉት የአፍሪካ አገሮች ነው። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ግምት በ2003 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ 15 ሚሊዮን ያህል ልጆች ቢያንስ አንድ ወላጃቸውን በኤድስ አጥተው ነበር። ከነዚህ ውስጥ 12.3 ሚሊዮን ያህሉ የሚኖሩት በዚሁ የአፍሪካ ክፍል ነበር።

ስለነዚህ ልጆች ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታሰበው የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም ነው። በእርግጥ ግን ከመቶው ከ90 የሚበልጡትን ተቀብሎ ያሳደጋቸው ዘመድ እንደሆነ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) በ2003 ባወጣው ዘገባ ገልጿል። አያት፣ አክስት፣ አጎት ወይም ታላቅ እህት የተሸከሙት ይህ ሸክም ስለሆነ፣ የልጆቹ ዕጣ በአብዛኛው የተወሰነው አሳዳጊዎቻቸው ባገኙት ወይም ባጡት ድጋፍ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትርጉም

በአማርኛ «ወላጅ አልባ» ሲባል እናትም አባትም የሌለው ልጅ ይመስላል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች አቆጣጠር ግን ከ18 ዓመት በታች ሆኖ አንድ ወላጁን ብቻ ያጣ ልጅም በዚሁ ቁጥር ውስጥ ይገባል። ቀደም ባሉ ዘገባዎች ደግሞ የዕድሜው ጣሪያ 15 ዓመት ነበር። ስለዚህ ስለዚህ ጉዳይ የሚወጡ አኃዞችን የሚያነብ ሰው በቅድሚያ የትኛው ትርጉም እንደተወሰደ ማየት ይኖርበታል። በቁጥሩ ውስጥ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ አንድ ወላጃቸው በሕይወት አለ።

«የኤድስ ልጆች» የሚለው አጠራርም ጉዳት አለው። ሰሚው ልጆቹ ራሳቸው በቫይረሱ የተያዙ ይመስለዋል፤ አብዛኞቹ ግን በቫይረሱ አልተያዙም። በዚህ ምክንያት በርካታ መንግሥታትና የእርዳታ ድርጅቶች «ወላጆቻቸውን ያጡና ለችግር የተጋለጡ ሕፃናት» የሚለውን ሰፋ ያለ ስያሜ መርጠዋል። ይህ ስያሜ ወላጃቸው ታሞ የተኛባቸውን ልጆችና የሟች ዘመድ ልጆች መጥተው ማዕዳቸውን የተጋሯቸውን ልጆች ጭምር ያቅፋል።

የችግሩ መነሻና ልዩ ባሕርይ

ጦርነትና ረሃብም ልጆችን ያለ ወላጅ ያስቀራሉ። ኤድስ ግን የራሱ መንገድ አለው። በመጀመሪያ፣ በብዛት የሚገድለው ልጆች ወልዶ በማሳደግ ዕድሜ ላይ ያለውን ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ቫይረሱ ከባል ወደ ሚስት ወይም ከሚስት ወደ ባል ስለሚተላለፍ አንድ ወላጁን የቀበረ ልጅ ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛውን ሊያጣ ይችላል። ሦስተኛ፣ ሕመሙ ረዥም ነው። ከሞት በፊት ባሉት ወራትና ዓመታት ከብቱ ይሸጣል፣ እርሻው ጦም ያድራል፣ የተቆጠበው ገንዘብ ለሕክምና ያልቃል። ልጆች፣ በተለይም ሴቶች ልጆች፣ ትምህርት አቋርጠው አስታማሚ ይሆናሉ። ስለዚህ የልጁ ጉዳት የሚጀምረው ከቀብር በፊት ነው።

የመድኃኒት ሕክምና ባልነበረበት ዘመን አንድ ሰው በቫይረሱ ከተያዘ በኋላ እስከሚሞት በአማካይ 10 ዓመት ገደማ ይወስድ ነበር። በዚህም የተነሳ የወላጅ አልባ ልጆች ቁጥር ከወረርሽኙ ዘግይቶ ጨመረ፤ አዲስ የሚያዙ ሰዎች ቁጥር መቀነስ ከጀመረ በኋላም ለዓመታት ማደጉን ቀጠለ።

ችግሩ ቀድሞ ጎልቶ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ኡጋንዳ ነው። በ1982 በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ባለው በራካይ አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ታወቁ። በ1986 ወላጅ አልባ ልጆችን የሚረዳ የሴቶች ማኅበር በጃኔት ሙሴቬኒ አማካይነት ተቋቋመ። በ1987 ደግሞ ኖኤሪን ካሌባ ከባልደረቦቻቸው ጋር ታሶ የተባለውን የኤድስ ሕሙማን መርጃ ድርጅት መሠረቱ።

ዘመድና አያቶች

በብዙ የአፍሪካ ኅብረተሰቦች ልጅ የወላጆቹ ብቻ ሳይሆን የጎሳው ነው ተብሎ ይታሰባል። በልማዱ መሠረት አባት ሲሞት ልጆቹን የሚረከበው አብዛኛውን ጊዜ የአባት ወንድም ነበር። ኤድስ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ወንድማማቾችንና እህትማማቾችን በተከታታይ ሲገድል ይህ ልማድ ሊቀጥል አልቻለም። አጎትና አክስት በሌሉበት ኃላፊነቱ ወደ አያቶች፣ በተለይም ወደ ሴት አያቶች ተላለፈ። በእርጅናቸው በልጆቻቸው ሊጦሩ ይገባቸው የነበሩ እናቶች ልጆቻቸውን ቀብረው የልጅ ልጆቻቸውን እንደገና ማሳደግ ጀመሩ።

የዝምድናው ቅርበት ለልጁ ሕይወት ወሳኝ እንደሆነ ጥናት አሳይቷል። አን ኬዝ፣ ክርስቲና ፓክሰንና ጆሴፍ ኤብሊዲንገር በ2004 ባሳተሙት ጥናት ከ10 የአፍሪካ አገሮች የተሰበሰቡ መረጃዎችን መርምረው ነበር። ወላጅ አልባ ልጆች አብረዋቸው በአንድ ቤት ከሚኖሩት ሌሎች ልጆች ይልቅ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ በድህነት ብቻ የሚብራራ አልነበረም። ልጁ ከቤቱ ኃላፊ ጋር ያለው ዝምድና እየራቀ ሲሄድ የመማር ዕድሉም እየቀነሰ ይሄድ ነበር።

በደቡብ አፍሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚከፍለው ጡረታ ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። ኤስተር ዱፍሎ በ2003 ያሳተሙት ጥናት ጡረታው በሴት አያት እጅ ሲገባ በቤቱ ያሉ ሴት ሕፃናት ቁመትና ክብደት መሻሻሉን አረጋግጧል። ጥናቱ የተሠራው በወላጅ አልባ ልጆች ላይ ብቻ አይደለም፤ ሆኖም ለአያት የሚሰጥ ገንዘብ ወደ ልጅ ሆድ እንደሚደርስ አመልክቷል።

በልጆች የሚመሩ ቤቶች

አዋቂ የሌለባቸው፣ በታላቅ ወንድም ወይም እህት የሚመሩ ቤቶች በጥናቶች መሠረት ከጠቅላላው ቤተሰብ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ቁጥራቸው ያነሰ ቢሆንም ችግራቸው ከባድ ነው። ልጆቹ እንዲህ ለመኖር የሚመርጡት አንዳንዴ የሚወስዳቸው ዘመድ ስላጡ፣ አንዳንዴም በየዘመዱ ቤት ተበታትነው ላለመለያየት ነው። ቤቱን ለቅቀው ከሄዱ መሬቱን ሌላ ሰው ይይዘዋል የሚል ስጋትም አለ።

ለነዚህ ልጆች ከተዘረጉት የእርዳታ መንገዶች አንዱ በ1993 በዚምባብዌ፣ በሙታሬ ከተማ አካባቢ የተጀመረው ነው። ፋክት የተባለው የአገር ውስጥ ድርጅት ከአብያተ ክርስቲያናት ጋር ሆኖ በጎ ፈቃደኞችን አሠለጠነ፤ አብዛኞቹ የዚያው መንደር ሴቶች ነበሩ። ሥራቸው በየጊዜው ልጆቹን እቤታቸው ሄዶ መጠየቅ፣ የጎደለውን ማየትና በጣም የተቸገሩትን መለየት ነበር። ጎረቤት ማን እንደተቸገረ ከሩቅ ከሚመጣ ሠራተኛ ይልቅ ስለሚያውቅ አሠራሩ በጥቂት ወጪ ብዙ ቤቶችን ለመድረስ አስችሏል።

የሕፃናት ማሳደጊያዎች

የማሳደጊያ ተቋማት ወጪ ከፍተኛ ነው። በታንዛኒያ የካጌራ ክልል የተደረገ ጥናት አንድን ልጅ በማሳደጊያ ለማኖር የሚወጣው ገንዘብ ቤተሰብ ውስጥ ለማሳደግ ከሚያስፈልገው ስድስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ከወጪው በላይ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ሠራተኞች በፈረቃ በሚቀያየሩበት ግቢ የሚያድግ ሕፃን የእኔ ብሎ የሚጠጋው አንድ ቋሚ ሰው ላያገኝ ይችላል። ካደገ በኋላም መሬት፣ ዘመድና የአካባቢውን ወግ ሳያውቅ ይወጣል። ምግብና ትምህርት በማሳደጊያው ብቻ ሲገኝ ደግሞ ድሃ ቤተሰቦች ወላጅ ያላቸውን ልጆች ሳይቀር ወደዚያ ይልካሉ።

ይህ ማለት ተቋማት ጥቅም የላቸውም ማለት አይደለም። በ1992 በኬንያ ናይሮቢ የተከፈተው ኒዩምባኒ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸውንና የተጣሉ ሕፃናትን የሚቀበል ሌላ ቦታ ባልነበረበት ጊዜ አስጠልሏቸዋል። ይኸው ድርጅት ቆየት ብሎ በኪቱይ አካባቢ መንደር ሲመሠርት ልጆቻቸውን ያጡ አረጋውያንና ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች በአንድ ቤት እንደ ቤተሰብ እንዲኖሩ አድርጓል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ቤተሰብን ያስቀድማል፤ ተቋምን የሚፈቅደው ለልጁ ተስማሚና አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ቀጥተኛ ድጎማ

ለአሳዳጊ ቤተሰቦች በቀጥታ መስጠት በብዙ አገሮች ተሞክሯል። ቦትስዋና በ1999 ባወጣችው ዕቅድ ለተመዘገቡ ወላጅ አልባ ልጆች በየወሩ የምግብ አስቤዛ መስጠት ጀመረች። ኬንያ በ2004 በ500 ቤተሰቦች ላይ የገንዘብ ድጎማ ሙከራ ጀመረች፤ በቀጣዩ አሥር ዓመት ፕሮግራሙ ከ200,000 በላይ ቤተሰቦችን አቀፈ። የኬንያው ድጎማ በጥናት ሲመዘን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ቁጥር ጨምሯል። ወጣቶች የግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚጀምሩበትን ዕድሜም አዘግይቷል። ይህ ሁለተኛው ውጤት ትልቅ ትርጉም አለው፤ ረሃብና የትምህርት ክፍያ እጦት ወላጅ አልባ ልጃገረዶችን ወላጆቻቸውን ለገደለው ቫይረስ ስለሚያጋልጣቸው ነው።

ትምህርትና መገለል

ኡጋንዳ በ1997፣ ኬንያ በ2003 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ከክፍያ ነፃ ማድረጋቸው ለነዚህ ልጆች ትልቅ በር ከፍቷል። ሆኖም የደንብ ልብስ፣ ደብተርና የቤት ሥራ ጫና አሁንም ያስቀራቸዋል።

ሌላው እንቅፋት መገለል ነበር። በደቡብ አፍሪካ በ1997 ቫይረሱ በደሙ ያለበት ንኮሲ ጆንሰን የተባለ ልጅ ትምህርት ቤት እንዳይገባ ተቃውሞ ተነሳበት፤ ጉዳዩ አገሪቱን አነጋግሮ በመጨረሻ ገባ። እናቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው። በ2000 በደርባን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ላይ በ11 ዓመቱ ንግግር አድርጎ በዓለም ታወቀ፤ በ2001 አረፈ።

ውርስና መታሰቢያ

የሟች ቤት፣ መሬትና ከብት በዘመድ መነጠቅ በብዙ አገሮች የታየ በደል ነው። ኑዛዜ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የታወቀ ሞግዚት የሌለው ልጅ በፍርድ ቤት ለመከራከር ይቸግረዋል። ስለዚህ እንክብካቤው ወላጅ በሕይወት ሳለ መጀመር እንዳለበት ባለሙያዎች ይመክራሉ። በኡጋንዳ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው እናቶች ማኅበር በ1990ዎቹ «የመታሰቢያ መጽሐፍ» የተባለውን ልማድ አስፋፋ። እናት ወይም አባት የዘር ሐረጉን፣ የልጁን አወላለድ፣ የዘመዶችን ስምና ለልጁ ያላቸውን ምኞት በደብተር ይጽፋሉ። ሥራው ወላጅ ስለ በሽታው ከልጁ ጋር በግልጽ እንዲነጋገርና አሳዳጊ አስቀድሞ እንዲመረጥ ይረዳል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። ወረርሽኙ ሲስፋፋ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚገኙ አንዳንድ እድሮች ከቀብር ማስፈጸም አልፈው ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። የሟቾች ቁጥር መጨመር የእድሩን ገንዘብ ስለሚያራቁት፣ ሰውን በሕይወት ሳለ መርዳት ለእድሩም የሚበጅ ነበር።

«ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ራሱ ወደ አማርኛ የገባው የሌላውን ልጅ እንደ አብራክ ልጅ ከሚቆጥረው የኦሮሞ ልማድ ነው። በ2000ዎቹ ግን ጉዲፈቻ በብዙዎች ዘንድ ልጅን ወደ ውጭ አገር መላክ ማለት ሆነ። በ2010 ብቻ ወደ አሜሪካ የሄዱት 2,500 ያህል ናቸው። ከነሱ መካከል ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ ልጆች መኖራቸውና አንዳንድ ወላጆች የፈረሙትን ሳይረዱ ልጆቻቸውን መስጠታቸው ከታወቀ በኋላ ቁጥጥሩ ጠበቀ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ።

የሕክምናው ለውጥና የዛሬ ሁኔታ

የወላጅ አልባ ልጆችን ቁጥር ለመቀነስ ከሁሉ በላይ የሠራው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ነው። ቦትስዋና በ2002፣ ደቡብ አፍሪካ በ2004፣ ኢትዮጵያ በ2005 (በ1997 ዓ.ም.) መድኃኒቱን በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ መስጠት ጀመሩ። መድኃኒቱን በአግባቡ የምትወስድ እናት ልጇን ለማሳደግ ትኖራለች፤ ቫይረሱን ወደ ልጇ የማስተላለፍ ዕድሏም በጣም ይቀንሳል። በዓለም ላይ በኤድስ የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር ከፍተኛ ከነበረበት ከ2004 ወዲህ ከግማሽ በላይ ወርዷል።

ሥራው ግን አላበቃም። ቀደም ሲል ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች አድገው ራሳቸው ወላጅ ሆነዋል፤ ከቫይረሱ ጋር የተወለዱትም መድኃኒታቸውን ዕድሜ ልክ መውሰድ አለባቸው። ለሕክምናውም ሆነ ለልጆቹ ድጋፍ ከዋለው የውጭ ገንዘብ ትልቁ ድርሻ የመጣው አሜሪካ በ2003 ካቋቋመችው ፔፕፋር ከተባለው ፕሮግራም ነው። በጥር 2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ባገደች ጊዜ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች አገልግሎቶች ተስተጓጉለዋል። መድኃኒት የሚወስድ ወላጅ መድኃኒቱ ከተቋረጠበት ሕይወቱ እንደገና አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ልጆቹም እንዲሁ።