ዘሩ አላረጀም

ደገኛ ገበሬ ድንቹ ከዓመት ዓመት እያነሰ ሲመጣበት «ዘሩ አርጅቷል» ይላል። መሬቱ ያው ነው፣ ዝናቡም አልጎደለም። ድንቹ ግን እንደ መጀመሪያው ዓመት አይሰጥም። ቅጠሉ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ሲቆፈርም የሚወጣው ደቃቅ ነው።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ገበሬም ያለው ይህንኑ ነበር። ድንች በዘር ፍሬ ሳይሆን ከራሱ ከድንቹ እየተተከለ የሚኖር ስለሆነ፣ ብዙ ሊቃውንት እንደ ሰው ይሸመግላል ብለው አመኑ። አንድ ነገር ግን አልገጥም አላቸው። ከስኮትላንድ ብርዳማ ደጋ የመጣ ዘር፣ ዝርያው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሞቅ ባለው የደቡብ እንግሊዝ ሜዳ ለዓመታት ከተተከለው ይልቅ ብርቱ ነበር። እርጅና ቢሆን ኖሮ አገር ባልመረጠ!

ቋጠሮው መፈታት የጀመረው በኔዘርላንድ ነው። በዋገኒንገን የሚሠራው ሄንድሪክ ኳንየር ከባልደረቦቹ ጋር የታመመውን ተክል ቅርንጫፍ ከጤነኛው ጋር አጣበቀ። ጤነኛውም ቅጠሉን ጠቀለለ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1916 አሳወቁ። እርጅና ከአንዱ ወደ ሌላው አይጋባም፤ የሚጋባው በሽታ ነው። በሽታው በዘመኑ አጉሊ መነጽር የማይታይ ቫይረስ ነበር። ከባልደረቦቹ አንዱ፣ ኦርትቬይን ቦትየስ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ተሸካሚውን አገኘ፤ ክሽክሽ የሚባለውን ተባይ። የስኮትላንድም ምሥጢር በዚያው ተፈታ፤ ብርድና ነፋስ ባለበት ክሽክሽ አይበዛም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ይህ እውቀት ከገበሬው ጓዳ ጋር ሲገጣጠም የሚታየው ነው። ድንች ሲቆፈር ትልልቁ ለገበያ ይሄዳል፣ መካከለኛው ለድስት ይቀራል፣ ደቃቁ ለዘር ይቀመጣል። ትልቁ ድንች የልጅ ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ ነውና ገበሬው አይወቀስም። ነገር ግን ደቃቅ ድንች በብዛት የሚሰጠው የታመመው ተክል ነው። ሳያውቀው በየዓመቱ በሽታውን መርጦ ይዘራል።

ፈረንሳውያኑ ዦርዥ ሞሬልና ክሎድ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1955 ቫይረስ ከማይደርስበት ከቡቃያው ጫፍ ንጹሕ ድንች ማሳደግ እንደሚቻል አሳዩ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ዛሬም የንጹሕ ዘር መነሻ ነው። በቤተ ሙከራ የተጀመረ ዘር ግን ለሁሉም ትንሽ ማሳ አይዳረስም።

መልሱ በኬንያ ገበሬዎች ማሳ በችካል መጣ። ድንቹ ሊያብብ ሲል ጤነኛና ብርቱ የሆነውን ተክል እየመረጡ ችካል ይተክሉበታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ያዩና፣ የታመመ ካለ ችካሉን ይነቅላሉ። በመጨረሻም ችካል ያለበትን ከሌላው አስቀድመው አንድ በአንድ ይቆፍራሉ፤ ጥቂት ወይም ደቃቅ ብቻ የሰጠው ለዘር አይሆንም። ገበሬዎቹ ራሳቸው ባካሄዱት ሙከራ ምርቱ በአማካይ 34 በመቶ ጨመረ። ትልቁንም ድንች ከገበያ ማስቀረት አላስፈለገም። ከብርቱ እናት የወጣ ትንሽ ድንች ለዘር ይበቃልና፤ ነውሩ ከእናቱ እንጂ ከመጠኑ አልነበረም።

ድንች ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እጅ እንደሆነ ይጻፋል። እስከ ዛሬም አብዛኛው ገበሬያችን ዘር የሚያገኘው ከራሱ ማሳ፣ ከጎረቤት ወይም ከገበያ ነው። ስለዚህ ችካሉ ለእኛም ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ተክሉ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ድንገት ከጠወለገ፣ ከግንዱ ሥር ቆርጣችሁ በብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ውስጥ አንጠልጥሉት። በደቂቃዎች ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከፈሰሰ ባክቴሪያ ያመጣው አጠውልግ ነው። ይህ በአፈርም በዘርም ይሻገራል፤ ጤነኛ የሚመስለውም ድንች ተሸክሞት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ማሳ ምንም ዘር አትውሰዱ።

የግብርና ባለሙያዎች ሆይ፣ በዚህ ክረምት ድንቹ ሊያብብ ሲል ከገበሬው ጋር ማሳ ውረዱ፤ ችካልም ያዙ።